3 በ3 ይሠራል፤ 3601 በ3601 ግን ሁልጊዜ 902ኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል (ሲ፣ ማሎክ፣ ማትሪክስ)

እርከን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የመሬት ተዳፋትን ማስላት ነው። የትኛው ማሳ እርከን እንደሚያስፈልገው ለመለየት ይጠቅማል። የምጠቀመው ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በራዳር የለካችውን የከፍታ መረጃ ነው። አንዱ ፋይል 1 ዲግሪ በ1 ዲግሪ ይሸፍናል። 3601 ረድፍ፣ 3601 ዓምድ አለው። እያንዳንዱ ቁጥር 2 ባይት ነው፤ በሁለት ነጥቦች መካከል 30 ሜትር ገደማ ርቀት አለ።

መጀመሪያ አሬዩን ሜይን ውስጥ በቀጥታ አወጅኩት። አንድ መስመር እንኳን ሳያትም ክራሽ አደረገ። ከዚያ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ማሎክ (ፕሮግራሙ እየሄደ ሜሞሪ የሚጠይቅበት የሲ ፋንክሽን) ያለበት የድሮ ኖት ሰጠኝና ከእሱ ቀዳሁ፦

ሾርት **ከፍታ;
ከፍታ = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ(ሾርት));
ፎር (ረ = 0; ረ < ረድፍ; ረ++)
    ከፍታ[ረ] = ማሎክ(ዓምድ * ሳይዝኦፍ(ሾርት));

(ስልክ ላይ ስለሆንኩ ኮዱን በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ ይቅርታ።)

ከዚያ ፋይሉን ሁለት ሁለት ባይት እያነበብኩ ከፍታ[ረ][ዓ] ውስጥ አስቀምጣለሁ። የ3 በ3 የሙከራ ፋይል ሠርቼ አስነሳሁት፤ ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። እውነተኛውን ፋይል ስሰጠው ግን ሴግሜንቴሽን ፎልት (ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነክቶ ሲስተሙ ሲገድለው)። የረድፍ ቁጥሩን ፕሪንት እያስደረግኩ ሳየው ሁልጊዜ 902 ላይ ነው የሚወድቀው። አሥር ጊዜ ባስነሳው አሥር ጊዜ 902። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ አወረድኩ። እሱም 902።

ኡቡንቱ ነው፣ 64 ቢት። ራሙ 4 ጊጋ።

ማታ_ማታ

እህቴ፣ ራም አልቆብሽ ይመስለኛል። 4 ጊጋ ዛሬ ትንሽ ናት። ማሎክ ሜሞሪ ሲያጣ ነል (ባዶ አድራሻ) ነው የሚመልሰው፤ አንቺ ደግሞ የመለሰውን አላየሽም። ከእያንዳንዱ ማሎክ በኋላ ነል መሆኑን የሚያይ ኢፍ ጨምሪበት።

እርከን

ጨመርኩ። አንዱም ነል አይደለም። 3601ዱም ረድፍ ሜሞሪ አግኝቷል። አሁንም 902።

ባይት_ቆጣሪ

ማታ_ማታ፣ ነልን መፈተሽ ተገቢ ነው፤ ምክሩ ይቀመጥ። ራም ግን አይደለም። እናስላው። 3601 * 3601 * 2 ሲባዛ 25,934,402 ባይት ነው። 26 ሜጋ ብትዪው ነው። 902 ረድፍ ሲሞላ ደግሞ ገና 6.5 ሜጋ አካባቢ ነው። አንድ የብሮውዘር ታብ ከዚህ የበለጠ ይበላል።

የመጀመሪያው ክራሽ ምክንያቱ ሌላ ነው። ፋንክሽን ውስጥ የታወጀ አሬይ የሚቀመጠው ስታክ በሚባለው ትንሽ የሜሞሪ ክፍል ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ስታክ እንደተለመደው 8 ሜጋ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ 1 ሜጋ። 26 ሜጋ እዚያ አይገባም። ወደ ማሎክ መሄድሽ ልክ ነበር።

አሁን ወደ 902። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መውደቁ ጥሩ ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ይገኛል። እንደዚህ አድርጊ። ፕሮግራሙን በጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያ ነው) አስነሺው። ሲወድቅ ሁለት ነገር አሳይኝ። አንደኛ፣ ከፍታ[901] እና ከፍታ[902] የያዙት አድራሻ። ሁለተኛ፣ በከፍታ[0] ውስጥ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ቁጥሮች።

እርከን

ከፍታ[901] ከሌሎቹ ጋር የሚቀራረብ አድራሻ ነው። ከፍታ[902] ግን የተለየ ነው። በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) እንዲህ ይላል፦

0910090809050900

የረድፍ 0 የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች 2304፣ 2309፣ 2312፣ 2320 ናቸው። እነሱ ልክ ናቸው፣ ከፋይሉ ጋር አመሳክሬያቸዋለሁ።

ባይት_ቆጣሪ

አገኘነው! እስኪ ያን አድራሻ አራት አራት አሃዝ እያደረግሽ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቢው።

0900፣ 0905፣ 0908፣ 0910።

አሁን ከሄክሳዴሲማል ወደ ተለመደው ቁጥር ቀይሪያቸው። 2304። 2309። 2312። 2320።

አየሽው? ያ አድራሻ አይደለም። የመሬት ከፍታ ነው። የ902ኛው ረድፍ ፖይንተር (ረድፉ ያለበትን አድራሻ የሚይዘው) መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ የረድፍ 0 ተራራ ተቀምጦበታል። ፕሮግራምሽ አራት የከፍታ ቁጥር እንደ አድራሻ ይዞ ሲሄድ እንዲህ ያለ ቦታ ስለሌለ ሲስተሙ ገደለው።

እንዴት እዚያ ደረሰ? ሁለተኛዋን መስመር እይ። ከፍታ የረድፎች ፖይንተር መደርደሪያ ነው። 3601 ፖይንተር መያዝ አለበት። 64 ቢት ላይ አንድ ፖይንተር 8 ባይት ስለሆነ 28,808 ባይት ያስፈልጋል። አንቺ የጠየቅሽው ግን በሾርት ልክ ነው፤ 3601 * 2፣ ማለትም 7,202 ባይት። ሩቡን ብቻ።

በፔንሲዮን ልመስልልሽ። ሪሴፕሽን ላይ ቁልፍ የሚሰቀልበት ሰሌዳ አለ። 3601 ክፍል አለ፤ ሰሌዳው ላይ ግን ምስማር ያለው ለ901 ቁልፍ ብቻ ነው። የቀሩትን ቁልፎች ማን አየኝ ብለሽ ከጎን ባለው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልሻቸው። ያ ክፍል የረድፍ 0 ነው። ከዚያ የረድፍ 0 እንግዳ ገባ። ክፍሉ የራሱ ስለሆነ ቁልፎቹን አውልቆ ዕቃውን ሰቀለ። ማንም አላጠፋም፤ ከሰሌዳው በቀር።

ለምን በትክክል 902? ይሄን በደንብ ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ሂፕ (ማሎክ የሚቆርጥልሽ የሜሞሪ ክፍል) እንዴት እንደሚሠራ በዓይንሽ የምታዪበት አጋጣሚ ነው። የሊኑክሱ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ 7,202 ባይት ስትጠይቂው ከፊቱ 8 ባይት የራሱን መዝገብ ይጨምርና በ16 እንዲካፈል ወደ ላይ ያጠጋጋዋል። 7,216 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንቺ ልትጽፊበት የምትችዪው 7,208 ነው። ለ8 ስታካፍዪው 901 ፖይንተር። እነዚህ ከ0 እስከ 900 ያሉት ናቸው፣ በሰላም ገቡ። 901ኛው የሚያርፈው የቀጣዩ ብሎክ መዝገብ ላይ ነው፤ ማሎክ የብሎኩን መጠን የሚጽፍበት ቦታ ላይ ማለት ነው። እሱን ለጊዜው ማንም ስለማይነካው አድራሻው ደህና መስሎ ታየሽ። 902ኛው ግን የረድፍ 0 የመጀመሪያ ባይት ላይ ነው የሚያርፈው። ረድፍ 0 ሲሞላ ተደመሰሰ።

3 በ3 ለምን ሠራ? 3 * 2 ሲባዛ 6 ባይት ጠየቅሽ። ጂሊብሲ ግን ለአንድ ጥያቄ ከ24 ባይት ያነሰ አይሰጥም። 3 ፖይንተር በ8 ሲባዛ 24። ልክ ሞላ! በ4 በ4 ሞክረሽው ቢሆን ኖሮ 4ኛው ፖይንተር መዝገቡን ያበላሸው ነበር። በ10 በ10 ደግሞ ረድፍ 4 ላይ ይወድቅ ነበር።

ማስተካከያው አንድ ኮከብ ነው፦

ከፍታ = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ(*ከፍታ));
ከፍታ[ረ] = ማሎክ(ዓምድ * ሳይዝኦፍ(*ከፍታ[ረ]));

ሳይዝኦፍ ውስጥ የታይፑን ስም አትጻፊ። ተለዋዋጩን ራሱን ጻፊ፣ ከፊቱ ኮከብ አድርገሽ። ይሄ «ከፍታ የሚያመለክተው ነገር መጠን» ማለት ነው። ነገ ሾርቱን ወደ ደብል ብትቀይሪውም ይሄ መስመር አይሳሳትም። እኔ ማሎክ ስጽፍ ከዚህ ሌላ አጻጻፍ አልጠቀምም።

እርከን

ሠራ!! 3601 ረድፍ ሙሉ በሙሉ። ያን አድራሻ ሳነበው ፀጉሬ ነው የቆመው። የተራራ ከፍታ አድራሻ ሆኖ ቁጭ ብሎ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ማታ_ማታ

እኔም ዛሬ ተማርኩ። ራም ነው ብዬ በማያገባኝ ገብቼ ነበር።

የጓሮ_ኮደር

ገብተህ ነልን አስፈተሽካት እኮ፣ ጥሩ አደረግህ።

እርከን፣ ሦስት ቀንሽን በአንድ ደቂቃ የሚያሳጥር ነገር ልንገርሽ። ጂሲሲ ላይ ኮምፓይል ስታደርጊ አድረስ ሳኒታይዘር የሚባለውን አብሪው። ማሎክ የሰጠሽን እያንዳንዱን ባይት ይጠብቃል። አንድ ባይት ካለፍሽ እዚያው ያስቆምሽና የኮዱን መስመር ቁጥር ይነግርሻል። ያ የ3 በ3 ሙከራሽ እንኳን አያልፈውም ነበር፤ ምክንያቱም 6 ባይት ላይ 8 ባይት ስትጽፊ የመጀመሪያው ፖይንተር ላይ ይይዝሻል። ቫልግሪንድም ይሄንኑ ይሠራል። እሱ ዳግም ኮምፓይል ማድረግ ሳያስፈልግ ያለውን ፕሮግራም ይፈትሻል፤ ግን ፕሮግራሙን ከ10 እስከ 30 እጥፍ ያዘገየዋል። በትንሽ ፋይል ላይ አስኪጂው።

ተማሪ ሆነሽ ሲ የምትጽፊ ከሆነ ሳኒታይዘሩን ሁልጊዜ አብሪው። እኔ ያለ እሱ ስንት ሌሊት እንዳለፈብኝ አልቆጥረውም።

እርከን

እሺ አበራዋለሁ። አሁን ሌላ ችግር መጣ። ፎልደሩ ውስጥ ብዙ ፋይል ስላለ አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው የሚሄድ ሉፕ ሠራሁ። ሜሞሪው እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ ከመቶ ፋይል በኋላ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ማውዙ እንኳን አይንቀሳቀስም። ግን እኮ እያንዳንዱ ፋይል ሲያልቅ ፍሪ(ከፍታ) እላለሁ!

ባይት_ቆጣሪ

ወደ ፔንሲዮኑ እንመለስ። ፍሪ(ከፍታ) ስትዪ የጣልሽው የቁልፍ ሰሌዳውን ብቻ ነው። 3601 ክፍሎች እንደተያዙ ናቸው፣ ቁልፋቸው ደግሞ ጠፍቷል። ፍሪ ውስጥ ገብቶ ልጆቹን አይፈልግም። የሰጠሽውን አንድ ብሎክ ብቻ ነው የሚለቀው። በአንድ ፋይል 26 ሜጋ ይቀርብሻል፤ በመቶ ፋይል 2.6 ጊጋ። ከሌላው ፕሮግራም ጋር ተደምሮ 4 ጊጋሽ አለቀ።

መጀመሪያ ረድፎቹ፣ መጨረሻ ሰሌዳው፦

ፎር (ረ = 0; ረ < ረድፍ; ረ++)
    ፍሪ(ከፍታ[ረ]);
ፍሪ(ከፍታ);
ከፍታ = ነል;

ማሎክ ባደረግሽው ልክ ፍሪ አድርጊ፤ እዚህ ላይ 3602 ጊዜ። የመጨረሻዋ መስመር ስህተት ብትደግሚ ትጠብቅሻለች። አንድን አድራሻ ሁለት ጊዜ ፍሪ ማድረግ ሂፑን ያበላሻል። ነልን ፍሪ ማድረግ ግን ምንም አይጎዳም፤ ስታንዳርዱ ራሱ ይፈቅዳል።

ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ረድፍ 2000 ላይ ማሎክ ነል ቢመልስስ? ሪተርን ብለሽ ከወጣሽ ከ0 እስከ 1999 ያሉት ሊክ ሆኑ፣ ሳይለቀቁ ቀሩ ማለት ነው። ወደ ኋላ እየሄድሽ የያዝሽውን ለቀሽ ነው የምትወጪው።

ቀጭን_ክር

ይሄ ሁሉ ጣጣ የመጣው በ3602 ቁራጭ ስለያዝሽው ነው። ለምን በአንድ ብሎክ አትይዢውም? ሜሞሪ እንደሆነ ረድፍም ዓምድም አያውቅም፤ አንድ ረጅም መንገድ ነው።

ሾርት *ከፍታ = ማሎክ(ሳይዝኦፍ(*ከፍታ) * ረድፍ * ዓምድ);

ረድፍ ረ፣ ዓምድ ዓ ላይ ያለውን ስትፈልጊ ከፍታ[ረ * ዓምድ + ዓ] ትያለሽ። አንድ ማሎክ፣ አንድ ፍሪ። ግማሽ መንገድ ላይ የሚከሽፍ ነገር የለም። ፋይሉንም በአንድ ጥሪ ጠቅልለሽ ማንበብ ትችያለሽ። ከዚያ የባይቶቹን ቅደም ተከተል ትገለብጫለሽ፣ ምክንያቱም እነዚህ ፋይሎች ትልቁን ባይት ነው የሚያስቀድሙት።

ሁለት ቅንፍ ካማረሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሲ ስታንዳርድ ይሄን ይፈቅዳል፦

ሾርት (*ከፍታ)[ዓምድ] = ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ(*ከፍታ));

ኮከቡና ስሙ በቅንፍ ውስጥ መሆናቸውን ልብ በዪ። ይሄ «ዓምድ ያህል ሾርት ወዳለበት አሬይ የሚያመለክት ፖይንተር» ነው። ከፍታ[ረ][ዓ] ብለሽ ትጠቀሚያለሽ፤ ብሎኩ ግን አንድ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር አይቀበለውም። ጂሲሲ እና ክላንግ ላይ ግን ያለምንም ችግር ይሠራል።

የጓሮ_ኮደር

አንድ ብሎክን እኔም እወዳለሁ። ግን ፖይንተር ለፖይንተርን ጨርሶ አንጣለው። ረድፍ መለዋወጥ ያለበት ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ የጋውስ ማስወገድ (እኩልታዎችን በማትሪክስ መፍቻ ዘዴ) ላይ፣ ሁለት ረድፍ ለመቀያየር ሁለት ፖይንተር መለዋወጥ ይበቃል። አንድ ብሎክ ላይ ሺ ቁጥር ታመላልሳለህ። ሜሞሪ ያባክናል የሚለው ክርክር ደግሞ እዚህ አያስኬድም። ለእሷ ፋይል በረድፍ 14 ባይት ነው የሚባክነው። ከፖይንተሮቹ ጋር ተደምሮ 80 ሺ ባይት እንኳን አይሞላም።

ቀጭን_ክር

ለእሷ ፋይል እውነትህን ነው። ማትሪክሱ ቀጭንና ረጅም ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት ሚሊዮን ረድፍ፣ 3 ዓምድ እንበል፣ በሾርት። እውነተኛው መረጃ በረድፍ 6 ባይት ነው። ማሎክ ለእያንዳንዱ 32 ባይት ይቆርጣል፣ 8 ባይት ፖይንተር ይጨመራል። 12 ሜጋ የነበረው 80 ሜጋ ሆነ።

ፍጥነቱንም እይ። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ አንድ ቁጥር ብቻ አያመጣም፤ ብዙዎቹ 64 ባይት በአንድ ጊዜ ነው የሚያመጡት። በሾርት 32 ቁጥር ማለት ነው። በረድፍ ስትሄድ 32ቱንም ትጠቀምባቸዋለህ። በዓምድ ወደ ታች ስትወርድ ግን በየእርምጃው 7,202 ባይት ትዘላለህ፣ ከ32ቱ አንዱን ወስደህ ሌላውን ትጥላለህ። እርከን፣ የውጪው ሉፕ ረድፍ፣ የውስጠኛው ዓምድ ይሁን። ይሄ በየትኛውም አያያዝ ይሠራል።

እርከን

አሁን ያየሁት የኔ ሉፕ ተገልብጦ ነበር፣ ዓምዱ ውጪ። ቀየርኩት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ ሻይ የምጠጣበት ጊዜ ነበረኝ፣ አሁን የለኝም።

ወደ አንድ ብሎክ ገባሁ። ግን አንድ ችግር አለ። በፋይሎቹ ዳር ላይ ያሉት ነጥቦች ተዳፋት አይወጣላቸውም፣ ምክንያቱም ጎረቤታቸው ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን በሙሉ ገጣጥሜ አንድ ማትሪክስ ላደርጋት አሰብኩ። ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ። 12 በ15፣ 180 ፋይል ቦታ። አጎራባች ፋይሎች አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ስለሚጋሩ 43,201 ረድፍ በ54,001 ዓምድ ይሆናል። ጠቅላላ የነጥቡን ብዛት ሳሳትም ግን ኔጌቲቭ ቁጥር ወጣ!

ባይት_ቆጣሪ

ረድፍ እና ዓምድ ኢንት ናቸው አይደል? 43,201 * 54,001 ሲባዛ 2,332,897,201 ነው። ኢንት የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ነው። ሀገራችን ኢንት ውስጥ አልገባችም።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሲ ውስጥ ኢንት ሲሞላ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ስታንዳርዱ አይናገርም። ኔጌቲቭ ቢወጣ ይሻላል፤ ማሎክ ግዙፍ ቁጥር ይመስለውና ነል ይመልሳል። የሚያስፈራው ዞሮ ትንሽ ሲሆን ነው። 65,536 በ65,536 ብትይ በተግባር ብዙ ጊዜ 0 ይሆናል። ማሎክ ለ0 ባይትም አድራሻ ሊሰጥ ይችላል፤ ነል ፍተሻሽም ያልፋል። ከዚያ የምትጽፊው ሁሉ የሰው ክፍል ውስጥ ነው።

ቀጭን_ክር ሳይዝኦፍን ያስቀደመው ለዚህ ነው። ሳይዝኦፍ የሚሰጠው ሳይዝ_ቲ ነው፣ 64 ቢት። ከግራ ስለሚባዛ ቀጣዮቹም በ64 ቢት ይሰላሉ። ሳይዝኦፉ መጨረሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ኢንቶች መጀመሪያ ተባዝተው ያልቁ ነበር። ኢንዴክሱም ላይ እንደዚያው ነው። ረ * ዓምድ + ዓ ሲሰላ ረ ሳይዝ_ቲ ይሁን።

ግን ቆይ። ለምን ሁሉንም ትይዢዋለሽ? በ2 ባይት 4.67 ጊጋ ነው። ላፕቶፕሽ 4 ነው ያለው። ለአንድ ነጥብ ተዳፋት የምትፈልጊው ምንድን ነው?

እርከን

ዙሪያውን ያሉትን ስምንት ጎረቤቶች። 3 በ3 መስኮት።

ባይት_ቆጣሪ

እንግዲያው ሦስት ረድፍ ብቻ ነው የምትፈልጊው። ላይ፣ መሐል፣ ታች። የመሐሉን ረድፍ አስልተሽ ውጤቱን ፋይል ላይ ጻፊ። ከዚያ አንድ ረድፍ ወደ ታች ውረጂ። የነበረው መሐል ላይ ይሆናል፣ የነበረው ታች መሐል ይሆናል። ያለቀለት የላይኛው ረድፍ ቦታ ለአዲሱ ይለቀቃል። ቁጥር ማመላለስ የለም፣ ሦስት ፖይንተር ማዞር ብቻ፦

ጊዜያዊ = ላይ;
ላይ = መሐል;
መሐል = ታች;
ታች = ጊዜያዊ;

አዲሱን ረድፍ ታች ውስጥ አንብቢ። እዚህ ላይ የጓሮ_ኮደር ልክ ነው። ረድፍን በፖይንተር መያዝ የሚያምርበት ቦታ ይሄ ነው።

54,001 * 2 * 3 ሲባዛ 324,006 ባይት። ከ4.67 ጊጋ ወደ ሦስት መቶ ሺ ባይት ወረድሽ። 4 ጊጋ አይደለም፣ የሃያ ዓመት ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል።

ፋይሎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የተደረደሩት፤ የመጀመሪያው ረድፍ ሰሜናዊው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የኬክሮስ ዲግሪ 15 ፋይል ጎን ለጎን ክፈቺና ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ረድፍ እየወሰድሽ ቀጥዪ። ባሕር ብቻ የሆነበት ቦታ ፋይል የለውም፣ ያንን ቦታ በባዶ ምልክት ሙዪው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሦስቱን ረድፍ በአንድ ማሎክ ካወጣሻቸው የብሎኩን መነሻ አድራሻ በሌላ ስም አስቀምጪ። ከተሽከረከሩ በኋላ «ላይ» የብሎኩ መነሻ ላይሆን ይችላል። ፍሪ የሚቀበለው ማሎክ የሰጠሽን ያንኑ አድራሻ ብቻ ነው። ለየብቻ ካወጣሻቸው ግን በየትኛውም ተራ ልቀቂያቸው።

ማታ_ማታ

ከርዕሱ ሳልወጣ አንድ ነገር፦ አንሳይንድ ሾርት እንዳትጠቀሚ። ዳናኪል ከባሕር ጠለል በታች ነው። ዝቅተኛው ቦታ 125 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በአንሳይንድ ብታነቢው −125 የነበረው 65,411 ሜትር ይሆንብሻል። ባዶ ቦታዎችም በ−32768 ነው የሚታወቁት፣ እነሱን ከሒሳቡ አስወጪ።

አሮጌ_ኖት

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ያ ኖት የኔ ይመስለኛል። ተማሪ ሳለሁ በእጄ የጻፍኩት ነው። ፎቶ ኮፒ እየተደረገ ከባች ባች ሲተላለፍ እንደነበር አውቃለሁ።

ስህተቱ እንዴት እንደገባ ልናገር፣ ሌላም ሰው እንዳይሳሳት። እኔ የጻፍኩት ለኢንት ነበር፦ ማሎክ(ረድፍ * ሳይዝኦፍ(ኢንት))። የምንሠራበት ላብ ውስጥ ያሉት ማሽኖች 32 ቢት ነበሩ። እዚያ ኢንትም 4 ባይት ነው፣ ፖይንተርም 4 ባይት። ስለዚህ ስህተቱ ነበረ፣ ግን ሁልጊዜ ይሠራ ነበር። አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። መምህራችንም አላዩትም፣ እኔም አላየሁትም። እርከን ኢንቱን ወደ ሾርት ቀየረችው፣ ማሽኗ ደግሞ 64 ቢት ነው። ሁለቱም ነገር ሲቀየር ተገለጠ።

እህቴ፣ ሦስት ቀንሽን ስላባከንኩብሽ ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባይት_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ይሄን ወጥተህ መናገርህ ትልቅ ነገር ነው። ይሄ ስህተት 64 ቢት ማሽኖች ሲመጡ ስንት ሰው ቤት እንዳንኳኳ ብታውቅ። የኔንም ቤት አንኳኩቷል።

እርከን

አሮጌ_ኖት፣ በፍጹም። ያ ኖት ባይኖር ማሎክን አልጀምረውም ነበር። ሦስት ቀኑም አልባከነም፤ ሂፕ ውስጥ ያለውን አሁን በዓይኔ የማየው ይመስለኛል።

ዛሬ ያለሁበትን ልንገራችሁ። በሦስት ረድፍ ነው የሠራሁት፣ ለየብቻ ማሎክ አድርጌ። መጀመሪያ በ4 ፋይል፣ 2 በ2 ገጣጥሜ፣ በቫልግሪንድ ሞከርኩት። የተያዘው ሁሉ ተለቋል አለኝ፣ ስህተት ዜሮ። ከዚያ ለሙሉው ሀገር ለቀቅኩት። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ግን ያዘልኝ። ፋይሎቹ የሚጋጠሙበት መስመር ካርታው ላይ ፈጽሞ አይታይም። በዳናኪል በኩል ያሉት ቁጥሮችም ኔጌቲቭ ሆነው በትክክል ገብተዋል። ሐሙስ ለአማካሪዬ አሳያለሁ። ከዚያ ካርታውን እዚህ እለጥፈዋለሁ።

ቀጭን_ክር

እንጠብቃለን። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የፋይሎቹን መገናኛ ረድፍ ሁለት ጊዜ እንዳታነቢው ምን አደረግሽ?

እርከን

ከመጀመሪያዎቹ 15 ፋይሎች በቀር የሁሉንም የመጀመሪያ ረድፍ ዘለልኩት። 7,202 ባይት ወደፊት፣ ከዚያ ማንበብ። ዓምዱ ላይ ደግሞ ቀጣዩ ፋይል የጋራ ነጥቡን በላዩ ላይ እንዲጽፍበት አደረግኩ፣ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ።

አሮጌ_ኖት

ኖቱ አሁንም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለ ሰማሁና ዛሬ ሄድኩ። ባለቤቱ ዋናውን አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለተኛዋ መስመር ላይ ኢንት የሚለውን ሰርዤ በእስክሪብቶ ኮከብ እና የተለዋዋጩን ስም ጻፍኩበት። ከሥሩ ደግሞ የፍሪውን ሉፕ ጨመርኩ፣ እሱ መጀመሪያም አልነበረበትም።